ሆሣዕና የተወቻቸው እህቶች

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ተሻለች፣ አሰላ

ያ እሑድ ጠዋት ከደረሰብኝ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ረጋ ብዬ እንደምን ነሽ ብዬሽ አላውቅም። በስልክ ስንገናኝ ማልቀስ ብቻ ሆነብን። ስለዚህ ዛሬ ከሁሉ አስቀድሜ ልጠይቅሽ። እንደምን ሰነበትሽ፣ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽ ኤልፍነሽ ደረጃ መውጣት አቅቷታል ብላኛለችና በዚህ ጾም ስግደቱን እንዳታበዢ አደራ። ጋሽ በየነስ ወገባቸውን ተሻላቸው? እዝራና ልጆቹስ? ላሟ ወለደች ወይ? ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኞችሽ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራም እገባለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚህ አልፌ ደኅና ነኝ ብልሽ ግን አንቺም አታምኚኝም።

ይህን የምጽፈው ስልኬን ማንሣት ስለተውሽ ነው። ያቺን መኪናውን የነዳችውን ልጅ ቤቴ አስገብቼ በእጄ አጎረስኳት ስልሽ «የልጄን ነፍስ በምን ለወጥሻት?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። አልተቀየምኩሽም። ሆሣዕናን የወለድኳት እኔ ብሆንም ከሁለት ዓመቷ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። እኔ በሱዳን ዞሬ እዚህ ካናዳ እስክደርስ፣ ወረቀቷንም እስክጨርስ ድረስ ያበላሻት፣ ፀጉሯን የሠራሽላት፣ ስትታመም አዝለሽ ሐኪም ቤት የወሰድሻት አንቺ ነሽ። ልጄ ብትዪ መብትሽ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ ፍረጂ። እንደምታውቂው ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ኤልፍነሽ ስታነብልሽ የተሰረዘውን ትለፈው። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ገረመው ለፋሲካ አገር ቤት ስለሚገቡ በእርሳቸው እጅ ልኬዋለሁ።

እሑድ ጥር 17 ቀን ነበር። ለቅዳሴ ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ ስዘገጃጅ ከታች ያለው የበር ደወል ጮኸ። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ አልነጋም። ሁልጊዜ በመኪናዋ የምትወስደኝ ሴት ቀድማ የመጣች መስሎኝ ከፈትኩ። ሊፍቱ ሲከፈት ግን የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ከፊት አቶ ገረመው፣ ከኋላቸው የደብራችን ቄስ፣ ቀጥሎ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አምስት ሴቶች፣ በመጨረሻ ደግሞ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ፖሊስ ገቡ። እዚህ አገር ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ በበረዶ ጊዜማ ይልቁን። ያን ቀን ማንም አላወለቀም። በረዷቸውን ይዘው ምንጣፌ ላይ ቆሙ። እትዬ፣ ያን ጊዜ አወቅኩ። ሳይነጋ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እኔና አንቺ እናውቃለን። ስሟን እስኪጠሩ አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ ነው የሆነው። ባሪ የምትባል ከዚህ በስተሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ የምትርቅ ከተማ አለች። ከዚያ ሲመለሱ መኪናቸው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ። ሦስት ነበሩ። የነዳችው ማርጎ የምትባል ፈረንጅ ናት፣ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ከኋላ የተቀመጠችው ሲፈን ምንም አልሆነችም። ሲፈን እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የአገራችን ሰዎች ልጅ ናት። ሆሣዕና ሆስፒታል ደርሳ አረፈች። ሲፈን ናት ለፖሊሱ «በእኛ ዘንድ እናት እንዲህ በስልክ አትረዳም» ብላ ለቄሱ የደወለችው። ደግ አደረገች። እኔን ግን ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሌሊት እኔ ተኝቼ ሳለሁ የዚያ ማኅበር ልጆች ሁሉ አውቀው ሲያለቅሱ አድረዋል። ከእናቷ በፊት እነርሱ አለቀሱላት።

ስለ ማኅበሩ በስልክ የነገርኩሽ በንዴት ነበር። አሁን ልክ ልኩን ልንገርሽ። በትልልቁ ዩኒቨርሲቲ ሶሮሪቲ የሚሉት የሴት ተማሪዎች ማኅበር አለ። ስሙ በግሪክ ፊደል ነው፣ ልብሳቸው ላይ ደረታቸው ላይ ይለጥፉታል። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለ አሮጌ የሸክላ ቤት ሃያ ሁለት ሆነው አብረው ይኖራሉ። አዲስ ለምትገባው ከነባሮቹ አንዷን ታላቅ እህት ብለው ይሰጧታል። ታላቋ መንገድ ታሳያታለች፣ ስታዝን ታጽናናታለች፣ ፈተና ሲመጣ አብራት ታጠናለች። ሆሣዕና በሁለተኛ ዓመቷ ገባሁ ስትለኝ «ምንድን ነው እሱ፣ ሃይማኖት ነው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «አይ እማዬ፣ እንደ እናንተ የማርያም ማኅበር ነው። የእናንተ ጠላና ዳቦ አለው፣ የእኛ ፒዛ አለው፣ ልዩነቱ ይኸው ነው» አለችኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ልጄን ለማላውቃቸው ሰዎች የሰጠሁ መሰለኝ። «ታላቅ እህቴ ማርጎ ትባላለች» ስትለኝ «እኔ የወለድኩት አንድ ነው፣ እህት ከየት አመጣሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። «እማዬ፣ እትዬ ተሻለች ባትኖርሽ ምን ይውጥሽ ነበር? እኔ ደግሞ አልነበረችኝም፣ ፈልጌ አገኘሁ» አለች። ጮኽኩባት። በየዓመቱ በኅዳር እናቶችን ቤታቸው ጠርተው ምሳ ያበላሉ። ሁለት ዓመት ጠራችኝ፣ ሁለቱንም ዓመት ሺፍት አለኝ አልኳት። የመጀመሪያው እውነት ነበር። ሁለተኛው ውሸት ነበር። ያን ቀን እቤቴ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ዋልኩ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፣ ለአንቺም መናገር አለብኝ።

ለቅሶውን እዚሁ ቤቴ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ መጡ። ሁሉም ያንኑ ፊደል ያለበት አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሰዋል፣ አበባ ይዘዋል። የኳስ ቡድን ሊደግፉ የወጡ መሰሉኝ። ያ ጃኬት ለእነርሱ የክብር ልብስ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። አንዷ ክንዷ በጄሶ ታስሯል። አጠገቤ የነበረች ሴት በጆሮዬ «የነዳችው ያቺ ናት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላስታውስም፣ የነገሩኝን ነው የምነግርሽ። ተነሥቼ «ልጄን የት ጥለሻት መጣሽ? አንቺ በምን ተረፍሽ?» እያልኩ የጃኬቷን ደረት ይዤ ጎተትኩ። ፊደሉ ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ። ልጅቷ አማርኛ አትሰማም፣ ያልኩት ግን ገብቷታል። እጇን እንኳ አንሥታ አልተከላከለችም። አቶ ገረመው «ልጆቼ፣ ለዛሬው ሂዱ» ብለው አስወጧቸው።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው የቤቴ በር እጀታ ላይ ምግብ ተንጠልጥሎ አገኛለሁ። ለቅሶ ቤት እሳት እንደማይነድ ሆሣዕና ነግራቸው ኖሯል። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ክዳኑ ላይ «ቅቤ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም» ብለው በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመሩ። አንዱንም አልቀመስኩም። ፊት ለፊቴ ለምትኖረው ለአፍጋኗ ጎረቤቴ እሰጣታለሁ። አንድ ቀን «ያንቺ ሰዎች ጨው የሚባል ነገር አያውቁም» አለችኝ። «የእኔ ሰዎች አይደሉም» አልኳት።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እንግዲህ፣ አርባዋ ሊሆን አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ የካቲት 21 ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ የተንኳኳው። ሊፍታችን ከተበላሸ ሳምንት ሆኖት ነበር፣ የምኖረው አሥራ አንደኛ ፎቅ ነው። ማን በእግሩ ይህን ሁሉ ወጣ ብዬ ከፈትኩ። ማርጎ ደጃፌ ላይ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ጫንቃዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች።

ቀልድ እንዳይመስልሽ። የድፎ ዳቦ ግማሽ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነው። በግራ እጇ ደግፋዋለች፣ ቀኙ ገና በጄሶ ነው። ላቧ በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል። ከኋላዋ ሲፈንና ሌሎች ስድስት ሴቶች ልጆች በተርታ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ጎረቤቴ በሯን ከፈት አድርጋ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እትዬ፣ ካገሬ ከወጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የበደለ ሰው ይቅር በሉኝ ብሎ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ዳግመኛ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም፣ ያውም በፈረንጅ ጫንቃ ላይ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። ሲፈንን «አንቺ ነሽ ያስተማርሻት! የሽማግሌ ሥርዓት መጫወቻ ሆነ እንዴ?» አልኳት። ሲፈን ቀና ሳትል በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ «እማማ፣ እኔ አይደለሁም። እኔም ከሆሲ ነው የተማርኩት። ቤት ሁላችን እናውቃለን» አለችኝ።

ሙሉውን ኋላ ቁጭ ብለን ነው የሰማሁት። አምና ከልጆቹ ሁለቱ ተጣልተው አንድ ወር ሙሉ በአንድ ቤት ሳይነጋገሩ ከረሙ። ማርጎ ብትለምን፣ ሌሎቹ ቢለምኑ እምቢ አሉ። ሆሣዕና ከወንዝ ዳር ይህን ድንጋይ አምጥታ «በእኛ አገር የበደለ ሰው ተሸክሞት ይመጣል። የተበደለው ጣለው ካለ ነገሩ አለቀ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የለም» ብላ አስረዳቻቸው። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ከበራቸው ሥር፣ ከጫማው አጠገብ ይቀመጣል። መጀመሪያ ይስቁበት ነበር አሉ። አንዷ የሌላዋን እርጎ በልታ፣ ባለ እርጎዋ ገላዋን እስክትታጠብ ድረስ ድንጋዩን ተሸክማ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ስትጠብቅ አረፈደች። እየዋለ እያደረ ግን ሳቁ ቀረ። የእውነት የተጣሉ ሁሉ የሚታረቁት በዚያ ሆነ። እነዚያ ሁሉ ልጆች ከአማርኛ አንዲት ቃል ያውቃሉ። ጣዪው የምትለዋን።

እኔ በሩን ልዘጋ እጀታውን ይዤ ነበር። ሆሣዕና ይህን ከየት አመጣችው ብዬ ሳስብ ግን ያንቺ ግቢ ታየኝ። ያ የባጃጅ ነጂ የልጅሽን የእዝራን እግር የሰበረው ጊዜ እኔ ሱዳን ሆኜ በወሬ ነው የሰማሁት። እርሷ ግን ነጂው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ በዓይኗ አይታዋለች። ስንት ጊዜ ነገረችኝ! አባቱ ጋሽ በየነ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ሽማግሌዎቹ ቢለምኑም ቢያስለምኑም እምቢ ሲሉ፣ አንቺ ከማድቤት እጅሽን እንኳ ሳትታጠቢ ወጥተሽ «ጣለው ልጄ፣ አንገትህ ሊሰበር ነው» ያልሽውን። እዚህ መጥታ የአገሯን ብዙ ነገር ረስታለች፣ ይህን ግን አልረሳችም።

እዝራ ቆሞ ይሄዳል፣ ሆሣዕና ግን ከአፈር በታች ናት ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነው የቆምኩት። ድንጋዩ ከልጅቷ ጫንቃ መንሸራተት ጀመረ። ልናገር አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር። የወጣው ግን ያንቺ ድምፅ መሰለኝ፣ «ጣዪው ልጄ፣ አንገትሽ ሊሰበር ነው» አልኩ። ማንም አልተረጎመላቸውም። ድንጋዩ መሬት ላይ ወደቀ፣ ስምንቱም ባንድ ጊዜ ጮኸው አለቀሱ። ከእኔ በታች የሚኖረው ሰውዬ ጣሪያዬ ሊወድቅብኝ ነው ብሎ እየተሳደበ ደረጃውን ወጣ። እኛን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ቀስ ብሎ ተመልሶ ወረደ።

አስገባኋቸው። ምን ላድርግ? ደጅ ላይ ልተዋቸው? ቤት ውስጥ የነበረው ሽሮና ጎመን ነው፣ አቀረብኩ። ሁሉም በእጃቸው መብላት ያውቃሉ። ማርጎ ቀኝ እጇ ታስሮ ስለነበር በግራዋ ልትበላ ስትል ተወችው። ሆሣዕና በግራ እጅ አይበላም ብላ ነግራት ኖሯል። ስለዚህ እኔ አጎረስኳት። አንቺን ያስቆጣሽ ይህች ጉርሻ ናት። እንዲህ ሆና ነው የመጣችው።

ከበሉ በኋላ ከሆዴ ያልወጣውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። በዚያ በረዶ ባሪ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ አልኳቸው። ፖሊሱ የነገረኝ ማርጎ መኪናውን አውጥታ ልጆቹን ይዛ ሄደች ብሎ ነው። ሲፈን ልትናገር ስትል ማርጎ በዓይኗ ከለከለቻት። ሲፈን ግን «ልትሰማ ይገባታል» ብላ ነገረችኝ። ከማኅበሩ የአንዷ እናት ባሪ ሞታባት ነበር። ማርጎ «ነገ በረዶው ሲያባራ እንሂድ፣ ለዛሬ አበባ እንላክላት» ብትል ሆሣዕና «አበባ አብሯት ያለቅሳል? ለቅሶ ነገ አይባልም። እናቷ የሞተችባት ልጅ ብቻዋን አትውልም» አለቻት። ማርጎ እሺ አለች። ሄዱ፣ አብረዋት ዋሉ፣ አለቀሱ። ሲመለሱ ሆነ። ማርጎ ይህን ለፖሊስም ለማንም አልተናገረችም። ለምን ብላት «መልስ መስጠት የማትችል እህቴ ላይ አላሳብብም» አለችኝ።

እትዬ፣ ያ ንግግር የእኔ ነው። ለቅሶ ነገ አይባልም የምለው እኔ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ሪጀንት ፓርክ ሰው ሞተ ሲባል፣ ኢስት ዮርክ ሰው ሞተ ሲባል፣ እጇን ይዤ በአውቶቡስ እየቀያየርኩ የወሰድኳት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በለቀስተኛው መሀል ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስንቱን የቤት ሥራ ሠራች። «እማዬ፣ የማናውቀው ሰው ነው፣ ነገ ፈተና አለኝ» ስትለኝ ሁልጊዜ መልሴ ያው ነበር። ፈረንጅ ሆነችብኝ ብዬ የተጣላኋት ልጅ የእኔን ቃል ይዛ ነው የሄደችው።

አንድ ሳምንት እህል ከአፌ አልገባም። ታዲያ የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው ብዬ አቶ ገረመውን ጠየቅኳቸው። «መቅደስ፣ አንቺ ለቅሶ መድረስ አስተማርሻት እንጂ በረዶውን አላዘነብሽውም» አሉኝ። ይህን ሰምቼ ትንሽ ተነፈስኩ። ስተነፍስ ጊዜ ግን አሰብኩ። እኔ በረዶውን ካላዘነብኩት ማርጎም አላዘነበችውም። ለራሴ የተቀበልኩትን ለእርሷ መከልከል አልቻልኩም።

ልጅቷ ደኅና አይደለችም፣ እትዬ። ትምህርቷን አቋርጣለች። መኪና ውስጥ መግባት አትችልም፣ አውቶቡስም ቢሆን። ያን ቀን ድንጋዩን በቦርሳ ይዛ ከከተማው መሀል እስከ እኛ ፍሌሚንግደን ፓርክ በእግሯ ሁለት ሰዓት ተኩል መጥታ ነው ከሕንጻው በር ላይ የተሸከመችው። ልትወጣ ስትል ደግሞ በር ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። ሆሣዕና ሁለት እናት አለኝ ትላቸው ነበር። «አንደኛዋ ይቅር አለችኝ፣ ሁለተኛዋስ?» አለችኝ። አሰላ ድረስ ድንጋዩን ተሸክሜ እመጣለሁ አለች፣ ከልቧ ነው። አቶ ገረመው ይህን ሲሰሙ «አሰላ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ከካናዳ የሚሄደው?» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቁኝ። እኔ ግን ቆይ፣ እህቴን ልጠይቅልሽ ብያታለሁ።

ይኸው ጠየቅኩሽ። እኔ የራሴን ብያለሁ፣ ያንቺን ማለት አልችልም። ያሳደገ ሰው ፋንታ የወለደ አይገባበትም። አንድ ነገር ብቻ አስቢልኝ። አንቺ ለእኔ ታላቅ ነሽ፣ ማርጎም ለሆሣዕና ታላቅ ተብላ የተሰጠቻት ናት። እኔና አንቺ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ እኔ ሞቼ አንቺ ብትተርፊ ኖሮ ማን ነበር ከጫንቃሽ የሚያወርድልሽ? በአቶ ገረመው እጅ መልስ ላኪልኝ። እምቢ ብትዪም ላኪልኝ። እምቢታሽን አደርስላታለሁ። ዝምታሽን ግን እንዴት አድርጌ እንደማደርስ አላውቅም።

መቃብሯ እዚህ በመሆኑም እንዳዘንሽብኝ አውቃለሁ። ወደ አገር ብልካት ኖሮ እኔ የምሄድበት ባጣ ነበር። እባክሽ በዚህም ታገሺኝ። አርባዋን በሥርዓቱ አውጥተናል። ልጆቹ ነጠላ ተውሰው መጥተው እስከ መጨረሻው ቆመዋል።

ጋሽ በየነን በጣም ናፍቄአቸዋለሁ፣ እግራቸውን እስማለሁ በይልኝ። ለእዝራ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ትንሿ ልጁ መናገር ጀመረች አሉ፣ ሳሚልኝ። ኤልፍነሽ፣ አንቺ ከሆሣዕና ጋር በአንድ አልጋ ያደግሽ፣ ይህን ስታነቢ ድምፅሽ እንደሚያስቸግርሽ አውቃለሁ፣ አይዞሽ። ባለ ሱቁ ዙበይር በብስክሌቱ ፊት አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሳት እንደነበር አልረሳሁም። እርሱም በእምነቱ ዱዓ ያድርግላት።

ማኅበርተኞችሽ ሲሰበሰቡም ይነበብላቸው። ይህን የምታነቡም የምትሰሙም ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ነው። እኔ ጸሎት ስጀምር ስሟ ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆረጣል፣ ከዚያ ማለፍ አልቻልኩም። እባካችሁ፣ እኔ ካቆምኩበት እናንተ ቀጥሉልኝ። እግዚአብሔር ነፍሷን እንዲቀበልላት፣ ወለተ ሰንበት ብላችሁ ጥሩልኝ።

እህትሽ መቅደስ
ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.